ሄድፎኑን ለልጄ ከመስጠቴ በፊት

ልጄ ኢክራም ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ «አባ፣ ያን ትልቁን ሄድፎንህን ስጠኝ» አለችኝ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ማለቷ ነው። ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ጀምሮ እዚያው ሆኖ አቧራ ይጠጣል።

ኢክራም ቦሌ ውስጥ፣ መኪና በስልክ የሚጠሩ ደንበኞችን የሚያስተናግድ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ሄድፎን አድርጋ «የት ጋ ነዎት? ምን አጠገብ?» ስትል ትውላለች። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከዚያ ቦሌ መመላለስ ምን እንደሆነ የተመላለሰ ያውቀዋል። አለቃዋን ለምና ለምና በስተመጨረሻ ቤት ሆና እንድትሠራ ፈቀዱላት። ችግሩ ቤታችንም ጸጥታ የለውም። ከታች የልጆች ኳስ፣ ከጎን የውሃ ሞተር፣ ከላይ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። የመሥሪያ ቤቱ ሄድፎን ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ይህን ሁሉ አይከለክልም።

«ቢሮ እንኳ እስከ መጨረሻ ጨምሬውም ደንበኛው በደንብ አይሰማኝም» አለች። «ማታ ስገባማ ጆሮዬ ራሱ ይጮኻል።»

«ይጮኻል?»

«ትንሽ። ጠዋት ስነሳ ይተወኛል።»

ባለቤቴ ዘይነባ ከማድቤት ሆና «ሰው እያማሽ ነው» አለቻት። ጆሮ ሲጮህ ሰው አነሳኝ ይባል የለ? ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የእኔም ልክ እንደዚያ ነበር የጀመረው፤ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሳይሄድ ቀረ።

«ቆይ» አልኳት።

«ምን እስኪሆን ነው የምቆየው?»

«ቆይ አልኩሽ እኮ!»

«አባ፣ ሄድፎን ነው የጠየቅኩህ። ኩላሊት አደረግከው።»

ለምን እንደከለከልኳት በአንድ ቃል ማስረዳት አቃተኝ። ለማስረዳት የሥራ ዘመኔን በሙሉ መተረክ ሊኖርብኝ ነው። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ የምትሰማበት ጊዜ የላትም፤ እኔም ቁጭ ብዬ የማወራበት ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈውም እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ትንሽ ከቆየሁ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ነገር ይነሳብኛል። በድሮው ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያው ሥርጭቱን ጨርሶ ሲዘጋ ቀጭን «ሲይይይ» የሚል ድምፅ ነበረ፤ እሱን ነው የሚመስለው። ሰው ተነስቶ የሚያጠፋው ቁልፍ ግን የለውም።

ሥራ የጀመርኩት ላምበረት፣ መንገድ ዳር ባለች የካሴት መሸጫ ነው። ወላጆቼ ከስልጤ መጥተው እዚያው አካባቢ በንግድ የሚተዳደሩ ስለነበሩ ባለቤቱ የአባቴ ደንበኛ ነበር። ሥራዬ ካሴት መገልበጥ ነው። ደጃፉ ላይ ቁመቱ ከእኔ የሚተካከል ስፒከር መንገዱ ላይ ወደሚያልፉት አውቶቡሶች ዞሮ ቀኑን ሙሉ ይደልቃል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ፣ የምገለብጠው እንዳይበላሽ በሄድፎን እከታተላለሁ። የውጪው ድምፅ የእኔን እንዳይውጠው የእኔን እጨምራለሁ። ባለቤቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ የውጪውን ይጨምራል፤ እኔም እንደገና እጨምራለሁ። እንዲህ ስንፎካከር እንውልና ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስታናግረኝ ከባልዲ ውስጥ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። ወጣት ስለነበርኩ የሥራ ድካም ነው ብዬ እተኛለሁ። ጠዋት ደህና ነኝ። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የሚወራ ነገር የለም።

ከዚያ ወደ ገርጂ ሄድኩ። ከኢምፔሪያል ሆቴል ገባ ብሎ፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የነበረ ሰርቪስ ቤት ስቱዲዮ ተደርጎ ነበር። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለጠፈ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከጾም በፊት መዝሙር፣ ከረመዳን በፊት መንዙማ፣ ከአዲስ ዓመት በፊት የበዓል ዘፈን ይቀረጽበታል። ድምፁን የሚያቀናብሩት ጋሽ ጥላዬ ይባላሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ ሹራብ ለባሽ ሰው ናቸው። ያለኝን ሙያ ሁሉ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ቀረጻ አይደለም፤ ሄድፎን አደራረግ ነው። ተቀምጬ ሄድፎኑን አንስቼ ጭንቅላቴ ላይ ልሰካ ስል እጄን ያዙት።

«የድምፅ ማዞሪያው ስንት ላይ ነው?»

«አላየሁም።»

«ወጥ የያዘ ድስት ሳታይ እጅህን ትከታለህ?»

ደንባቸው እንዲህ ነበር። ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሳይደርስ ሄድፎን ጆሮ ላይ አይወጣም። ከወጣ በኋላ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ የዘፋኙ ቃል ጥርት ብሎ ሲገባህ ትቆማለህ። እዚያ ላይ ጋሽ ጥላዬ የባለቤታቸውን የጥፍር ቀለም አምጥተው ቀይ ነጥብ አድርገውበታል። ከቀዩ ማለፍ ክልክል ነው። ጆሮ እየደከመ ሲሄድ ድምፁ ያነሰ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ ሰው ይጨምራል፤ ሲጨምር የበለጠ ይደክማል። «ሲያንስብህ ጆሮህ እረፍት እየለመነህ ነው፤ አንተ ደግሞ ጥፊ ትሰጠዋለህ» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ነበራቸው። ሄድፎን አድርጌ ስሠራ ከኋላዬ መጥተው፣ ሻይ ቤት ሰው በሚያወራበት ድምፅ ስሜን ይጠራሉ። ካልሰማሁ ሳይቆጡ ገመዱን ይነቅሉታል፤ የዚያን ቀን በሄድፎን መሥራት የለም። አንድ ዘፈን በተገባደደ ቁጥር ደግሞ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለችው የኮክ ዛፍ ሥር ይቆማሉ። ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ሰው አያናግሩም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ። ዘፋኞች ጸሎት ላይ ናቸው ይሉ ነበር። አንዱ ጉረኛ ኪቦርድ ተጫዋችማ «ጋሽ ጥላዬ፣ ጆሮዎን ለሙዚየም ነው የሚያስቀምጡት?» ብሏቸው ያውቃል። «አይ፣ ለጡረታዬ ነው» አሉት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

ጋሽ ጥላዬ ጡረታ ወጡ፤ ስቱዲዮውም ግቢው ሲፈርስ ወደ ቦሌ ዞረ። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ወጣን። አዲሱ አለቃችን ወጣት ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሁሉም ነገር ዛሬውኑ እንዲያልቅ ግን ይፈልጋል። ዕቃው ሁሉ ተለወጠ። የአዲሱ ማሽን ማዞሪያ ለስላሳ፣ የሚያምር፣ ምንም ነጥብ የሌለበት ነበር። ከእኛ በታች ያለው ቢሮ ስለሚያማርር በስፒከር መስማት አልቻልንም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሄድፎን ሆነ። ከጎናችን ደግሞ ሌላ ሕንፃ ይሠራ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ድሪል ነው። ድሪሉ ሲነሳ እጄ ሳላዘው ወደ ማዞሪያው ይሄዳል። ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ «ጨምረው፣ ጨምረው፣ ይደልቅ እንጂ!» ይላል። ዜማ የሚሰማው በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የጆሮዬ ጩኸት ሳይተወኝ ያደረው ያኔ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ዘይነባ ግን ቴሌቪዥኑን እንደምጨምርና ስታወራኝ አፏን እንደማይ አውቃለች። «ዘይት አሙቄ ጠብ ላድርግልህ?» አለችኝ። ጠብ አደረገችልኝ። ጩኸቱ እንዳለ ሆኖ ትራሱ በዘይት ተበላሸ።

አሁን ወደ ወይዘሮ አስካለ ልምጣ። ሳልጽፈው ለማለፍ ሞክሬ ነበር፤ ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

ወይዘሮ አስካለ የሰርግ ዘፋኝ ናቸው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የተዳረ ሰው እሳቸውን አያጣቸውም። ድምፃቸው ወፍራም፣ ሞቃት፣ ሰው የሚያቅፍ ነው። በሰው ሰርግ ሲዘፍኑ ኖረው የራሳቸው የሆነ አንድም ሥራ አልነበራቸውም። ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ልጆቻቸው «እማዬ፣ አንቺ ሳታልፊ ድምፅሽ ይቀመጥልን» ብለው ስቱዲዮ አመጧቸው። ቀረጻው ላይ የቀላጆች ንግሥት ናቸው፤ ያሳቁናል። ሥራውን የማቀናብረው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የያዝኩት።

ሳቀናብር ድምፃቸው ድፍን ሆነብኝ። ብርድ ልብስ ከላዩ ያለ መሰለኝ። ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። በማግስቱ ስሰማው አሁንም ድፍን ነው፤ ጨመርኩለት። ወይዘሮ አስካለ በሄድፎን ሰምተው «ትንሽ አልሾለም?» አሉኝ።

«ታክሲ ውስጥ ሲገባ ይስተካከላል» አልኳቸው።

ይህ የእኛ ሙያ ወግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሥራ አለቀ የሚባለው ታክሲ ውስጥ ሲሞከር ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው እዚያ ነዋ። የእኔ መሞከሪያ የሙሌ ሚኒባስ ነበረች። ሙሌ በገርጂ ኢምፔሪያል መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው፤ በዓመታት ውስጥ ያቀናበርኩትን ሁሉ በእሱ መኪና ፈትኛለሁ። ወይዘሮ አስካለን ከኋላ አስቀምጠን፣ ፍላሹን ሰካንና ዘፈኑ ተነሳ። ወርቅ ሆነ። ተሳፋሪው አጨበጨበ፤ ረዳቱ በር ላይ ሆኖ እስክስታ ወረደ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ጨርሻለሁ ብዬ ፈረምኩበት።

የማላውቀው ነገር ነበር። ከሙሌ ስፒከሮች ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ ከተቃጠሉ ቆይተዋል። ሙሌ ትልልቆቹ እስከደለቁለት ድረስ ግድ አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ ጎደለ ብዬ የማውቅበት ጆሮ አልነበረኝም። እኔ የማልሰማውን ድምፅ የማታወጣ መኪና ውስጥ ሞክሬ ነው የፈረምኩት።

ሥራው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ሰው በስልኩ፣ ኤርፎን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሰማው እንደ ምላጭ ነበር። እያንዳንዷ «ስ» እና «ሽ» ትቆርጥ ነበር። ሰዎች እየከፈቱ ወዲያው ይዘጉት ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ፣ መሥሪያ ቤቱም ጭምር ያወራል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም። አለቃዬም ፊቴን እያየ ያልፋል እንጂ አይናገረኝም።

የነገሩኝ ራሳቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ስቱዲዮ ድረስ መጡ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸው ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ ከማል፣ ትናንት ሰርግ ቤት ‹እትዬ አስካለ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?› አሉኝ። እስቲ ራስህ ስማው» ብለው ስልካቸውን ከነኤርፎኑ ሰጡኝ።

ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። ስህተቱን ፈለግኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ምንም አላገኘሁበትም። ያማረ፣ የለሰለሰ፣ ጥርት ያለ ነው። ቀና ብዬ «የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። ሰርግ ቤት የኖረች ሴት የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለች። «ወይኔ ልጄን» አሉ፤ «አትሰማውም እንዴ?»

እኔ ነገሩ የገባኝ ከእሳቸው በኋላ ነው። ያኔ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ሥራው በሌላ ሰው ተስተካክሎ እንደገና ወጣ፤ ሰው ግን አንዴ የዘጋውን አይከፍትም። ወይዘሮ አስካለ ዛሬም ሰርግ ይዘፍናሉ። ሳያቸው ያቅፉኛል፤ እኔ ግን ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ።

ገርጂ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ሄድኩ። የምትመረምረው ህይወት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ጆሮዬ በኩክ መደፈን አለመደፈኑን አየች፤ ከዚያ እንደ ሣጥን በታሸገች ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሄድፎን አደረገችልኝ። «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ፤ በጣም ቀጭን ብትሆንም ያንሱ» አለችኝ። በመስታወቱ በኩል አያታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበርኩ፤ አነሳሁ፣ አወረድኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ጣቶቿ ሳይ ግን ቁልፉን እየተጫነች ነው። ትጫናለች፣ ወደ እኔ ታያለች፣ እንደገና ትጫናለች። እጄ ጭኔ ላይ ነው። ሳጥኗ ውስጥ የነበረው የእኔ «ሲይይይ» ብቻ ነው።

በኋላ አስረዳችኝ። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ። «ሣር ላይ ሰው አንዴ ቢያልፍ ሣሩ ይነሳል፤ በየቀኑ ከተረማመዱበት ግን መንገድ ይሆናል፤ የእርስዎ መንገድ ሆኗል» አለችኝ። ኮንዶሚኒየማችን መሀል ሰው እያቋረጠ የላጨው ሣር ታየኝ። ጩኸቱም ከዚያው የመጣ ነው፤ አእምሮ ከጆሮ የጎደለበትን ራሱ ይሞላል። የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ አልደበቀችኝም። ዘይቱን ያቁሙ አለች። ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አይቀመጡ፤ ሬዲዮም ሆነ ማራገቢያ፣ ጩኸቱን የማይውጥ ዝቅ ያለ ድምፅ አጠገብዎ ይኑር፤ በኃይለኛ ድምፅ ልሸፍነው ካሉ ግን የቀረውንም ያጠፉታል። እንቅልፍዎን ይጠብቁ። አንድ ጆሮ በድንገት ድፍን ካለ ሳያድሩ ይምጡ። የመስሚያ መሣሪያ እንዳለና ጩኸቱንም እንደሚያስታግስ ነግራኛለች። «አስብበታለሁ» አልኳት፤ እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ከክሊኒኩ ወደ ቤት መሄድ ስላልቻልኩ እግሬ ጋሽ ጥላዬ ቤት ወሰደኝ። እርጅና አልጋ ላይ አውሏቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ማዞሪያው ላይ ቀይ አልነበረም?» አሉኝ።

«አዲሱ ላይ የለም።»

«የጥፍር ቀለም ተወደደ እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ደግሞ «ከማል፣ እባክህ የማድቤቱን ቧንቧ አጥብቅልኝ፣ ሲንጠባጠብ ይረብሸኛል» አሉ። ሄጄ አየሁት። ጠብ፣ ጠብ ይላል። በዓይኔ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። እሳቸው ከመኝታ ቤታቸው፣ በተዘጋ በር ይሰሙታል።

ከዚያ በኋላ ሄድፎኑን ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ እሱንም የድሮ ቅጂዎችን በማደራጀት ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ ግን ባሰብኝ። ሰው ጡረታ የሚወጣው ሊያርፍ ነው፤ እኔ ዝምታ ውስጥ ማረፍ አልችልም። ህይወት የመከረችኝን እያወቅኩ፣ ከየካ አባዶ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ሞተሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ መገናኛ ወርጄ ሌላ ይዤ ኢምፔሪያል እሄዳለሁ፤ እንደገና እመለሳለሁ። የትም አልሄድም። ሞተሩና የሹፌሩ ዘፈን ጩኸቱን ሲሸፍኑልኝ ነፍሴ መለስ ትላለች። ስወርድ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀኛል። ዘይነባ «ሰው ጡረታ ወጥቶ ረዳት ይሆናል?» ትለኛለች። ትክክል ናት። ነገም እሄዳለሁ።

ልጄ እንግዲህ ሄድፎን ስጠኝ ያለችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ሄድፎኑን በጠየቀችኝ በሦስተኛው ቀን አብረን ታክሲ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ኢክራም የራሷን ትንንሽ ኤርፎን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስልኳን ጨመረች። ሹፌሩ ሲጨምር እሷም ጨመረች። ላምበረት የካሴት ቤቱ ውስጥ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ከጎኗ ሆኜ ዘፈኑን ቃል በቃል እሰማዋለሁ፤ እኔ፣ በዚህ ጆሮዬ! ከአንዱ ጆሮዋ ነቀልኩት።

«አባ! ምን ሆነሃል?»

«እኔ ከሰማሁት አንቺ ምን ያህል እየሰማሽው ነው?»

«የአንተን በሽታ በእኔ ላይ አትለጥፍ እንጂ። እኔ እኮ የምሠራው ስልክ ነው፣ ሙዚቃ አይደለም።»

«ጆሮ ስልክና ሙዚቃ ምን ይለያል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ? ሥራ ልተው?»

ሥራዋን እንድትተው አልፈልግም፤ ትወደዋለች፤ የጠፋ ሰው መንገድ ስታስይዝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ። ተደራደርን። ህይወት ጋ ሄዳ ትመረመራለች፤ ጆሮዋ ደህና ከሆነ ሄድፎኑን ትወስዳለች። «በቃ የእኔ ነው» አለች፤ ልጅነቷ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያቺው ሳጥን ናት። ኢክራም ገባች፣ ሄድፎን ተደረገላት። እኔ ከህይወት ጀርባ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ማለት ግማሹን ቆሜ ነው። ህይወት ቁልፉን ተጫነች፤ የልጄ እጅ ተነሳ። እንደገና፤ ተነሳ። ድምፁ እየቀጠነ መሄዱን ከማሽኑ ላይ አየሁ። የእኔ እጅ ጭኔ ላይ የቀረበት ቦታ ሲደርስ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። ህይወት ተጫነች። ኢክራም ዓይኗን ጨፍና እጇን አነሳች። ከዚያም በላይ ሄደ፣ አነሳች። እኔ የማላውቀውን፣ ከእንግዲህም የማላውቀውን ድምፅ ልጄ እየሰማች እጇን ታነሳለች። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ዞር ብዬ የግድግዳውን የጆሮ ሥዕል የምመለከት አስመሰልኩ።

በቀኝ በኩል ግን አንድ ቦታ ላይ እጇ ዘገየ። ህይወት ደጋገመችው። ዘገየ።

«ስልክ የምትቀበይው በቀኝ ነው?» አለቻት ስትወጣ።

«አዎ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሄድፎን ነው።»

«ግራሽ በጣም ጥሩ ነው። ቀኝሽ ትንሽ ደክሟል። ማታ የሚጮኸው እንድትጠነቀቂለት እየነገረሽ ነው። አሁን ካሳረፍሽው እዚሁ ሊቆም ይችላል፤ ከቀጠልሽ ግን ጠዋትም አይተውሽም።»

ኢክራም ወደ እኔ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራች መሰለኝ። «አባ፣ ያንተ እንዲህ ነበር የጀመረው?» አለች። አዎ አልኳት። ህይወት ደግሞ ያልጠበቅኩትን ተናገረች። ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን፣ የውጪውን ድምፅ የሚከለክል ሄድፎን ለእሷ የተሻለ ነው፤ የውጪው ካልገባ ማስጮህ አያስፈልግም። አደጋው ማዞሪያው ላይ ነው።

ያን ዕለት በተመለስንበት ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲደልቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹፌሩን «ልጄ፣ ትንሽ ቀንስልን» አልኩት። «ፋዘር፣ ደንበኛችን አይደሉ እንዴ፣ ይወዱት አልነበር?» አለኝ በመስታወቱ እያየ። ቀነሰው ግን። የእኔ «ሲይይይ» ብቅ አለች። እስከ የካ አባዶ አብረን ሄድን።

ቤት ስንገባ ሄድፎኑን ከሚስማሩ አወረድኩ። አቧራውን ጠረግኩ፤ በስልክና በሄድፎን መካከል የምትገባውን፣ የድምፅ ማዞሪያ ያላትን የድሮ ትንሽ ሣጥኔንም አብሬ አወጣሁ። ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አደረግኩት፤ ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ጓደኛዋ እንድትደውልላት አደረግንና ራሷ ቀስ እያለች ጨመረች። «እዚህ ጋ ቃሉ ሁሉ ይሰማኛል» ስትል አስቆምኳት። የጥፍር ቀለሟን ጠየቅኳት። ቀይ ስለሌላት ወይን ጠጅ ሰጠችኝ። ማዞሪያው የቆመበት ላይ ነጥቧን አደረግኩ።

ዛሬ ጠዋት ቤት ሆና መሥራት ጀመረች። መኝታ ቤቷ ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። «ኢምፔሪያል ጋ ነዎት? ከቀለበት መንገዱ በየት በኩል?» ስትል ከሳሎን ይሰማኛል። ስነሳ ስቀመጥ ቆይቼ አላስቻለኝም፤ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ሻይ ቤት ሰው በሚያወራበት ድምፅ «ኢክራም» አልኩ።

ንግግሯን አላቋረጠችም፤ አልዞረችምም። እጇን አነሳች።